ለካምፕና ለእግር ጉዞ የሚሆን ርካሽ፣ ትንሽ፣ የማይታጠፍ ቢላ፦ ምን ልምረጥ?

መንገደኛው
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለእግር ጉዞና ለካምፕ የሚሆን ትንሽ የማይታጠፍ ቢላ ልገዛ አስቤያለሁ። የማሠራው ገመድ መቁረጥ፣ የድንኳን ካስማ መቅረጽ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ እንጨት መላግ፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ አልፎ አልፎም ቀጭን እንጨት መሰንጠቅ ነው። ስለቱ ከ8 እስከ 11 ሴ.ሜ፣ ክብደቱ ከነሰገባው ከ200 ግራም በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። በጀቴ አነስተኛ ነው፤ ውድ የሚባሉትን ተዉልኝ።

ግራ የገባኝ፦ 2.5 ሚሜ ውፍረት ይበቃል ወይስ 4 እና 5 ሚሜ ያላቸውን ልይ? የሚዝገው ይሻላል የማይዝገው? ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ካልደረሰ ይሰበራል የሚባለውስ እውነት ነው?

ጋሽ ሞረድ
ከውፍረቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነውና። 5 ሚሜ ቢላ እጅ ላይ ሲይዙት ያስተማምናል። እንጨት ላይ ሲያርፍ ግን ይፈነቅላል እንጂ አይልግም። ቢላን የሚያስቆርጠው ከስለቱ በላይ ያለው ተዳፋት ቅጥነት ነው፤ የጀርባው ውፍረት ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ማስመሪያ ካለህ እዚያው ቆመህ ማስላት ትችላለህ። የጀርባውን ውፍረት በሚሜ ለካ። ቀጥለህ በጎኑ በኩል ተዳፋቱ ከሚጀምርበት መስመር እስከ ስለቱ ያለውን ስፋት ለካ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። 0.43 አካባቢ ከመጣልህ የሁለቱ ጎን ድምር ማዕዘን 25 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.52 ከሆነ 30 ዲግሪ፣ 0.68 ከሆነ 40 ዲግሪ ነው። 2.5 ሚሜ ቢላ 5.8 ሚሜ ተዳፋት ካለው 25 ዲግሪ ነው፤ እንጨት ለመቅረጽ ልክ ነው። 4 ሚሜ ሆኖ ተዳፋቱ 6 ሚሜ ብቻ ከሆነ 39 ዲግሪ ደረሰ፤ እሱ ትንሽ ምሳር ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ተዳፋቱ አንድ ብቻ ለሆነ፣ የስካንዲኔቪያ አሞራረድ ለሚባለው ነው። ከጀርባው ጀምሮ እየሳሳ ለሚወርደው ዓይነት ግን ስለቱ አፍ ላይ ካለችው ጠባብ ተዳፋት ጀርባ ያለውን ውፍረት ተመልከት። ግማሽ ሚሜ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። 1 ሚሜ ካለፈ ቶሎ ቶሎ ብትስለውም ሥራው ይከብድሃል።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ ብረት ወደ ጎን እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ግትርነት በውፍረቱ ኪዩብ ነው የሚያድገው። ከ2 ወደ 3 ሚሜ ስትሄድ 3.4 እጥፍ ይገተራል። ስለዚህ ለምትለው ሥራ ከ2.5 እስከ 3.2 ሚሜ ባለው መሀል ብትቆይ አይጎድልብህም።

ዝገት ጠሉ
ጋሽ ሞረድ ባሉት ላይ የብረቱን ዓይነት ልጨምር።

በርካሽ ዋጋ የሚገኙት በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ካርቦን ስቲል ነው፤ 1095 የሚባለው 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ክሮሚየም ስለሌለው ይዝጋል። ግን በተራ ድንጋይ በቀላሉ ይሳላል፣ ጠርዙም ይጠነክራል። ሌላው ስቴይንለስ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፣ «ስቴይንለስ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። 420ጄ2 እና 3ሲአር13 ካርቦናቸው አነስተኛ ስለሆነ አይዝጉም፣ ስለትም አይዙም፤ ለማንኪያ የሚሆን ብረት ነው። 12ሲ27 (0.6 በመቶ ካርቦን፣ 13.5 በመቶ ክሮሚየም)፣ 14ሲ28ኤን እና 8ሲአር13ሞቪ ግን በአግባቡ ከተጠነከሩ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው።

ቢላው ላይ «ሰርጂካል ስቲል» ወይም «ከፍተኛ ጥራት ያለው ብረት» ብቻ ተጽፎ የዓይነቱ ቁጥር ከሌለ እለፈው። ሻጩ የብረቱን ስም የደበቀው ስለማይጠቅመው ነው።

ጥንካሬው በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ከ56 እስከ 59 ቢሆን ይመረጣል። ከ54 በታች ስለቱ እንጨት ላይ ይተጣጠፋል፤ ከ61 በላይ በዚህ ዋጋ ሲሆን የመሸረፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ውሃ፣ እርጥበት፣ ላብ ወይም የባሕር አየር ካለበት ቦታ የምትውል ከሆነ ያለ ክርክር ስቴይንለስ ውሰድ። ደረቅ ቦታ ከሆነና ቢላህን ሁልጊዜ የምትጠርግ ከሆነ ካርቦኑ ያስደስትሃል።

ሹል ጫፍ
ዲ2 የሚባለው ብረት ለምን ተረሳ? በተመሳሳይ ዋጋ ይገኛል፣ ስለቱንም ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል።

ዝገት ጠሉ
አልተረሳም ወንድሜ፣ ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ዲ2 1.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው። ቁጥሩን ያየ ስቴይንለስ ይመስለዋል፤ ግን አብዛኛው ክሮሚየም ከካርቦኑ ጋር ተጣብቆ ጠጣር ቅንጣት ሆኗል፤ ዝገት የሚከላከለው የቀረው ብቻ ነው። ስለዚህ ይዝጋል። እነዚያው ቅንጣቶች ስለቱን ያቆያሉ፤ የሜዳ ድንጋይ ግን አይበላቸውም። ያለ ዳይመንድ መሳያ ካምፕ ላይ ዲ2 መሳል ትዕግሥት መፈተኛ ነው። ገመድና ካርቶን ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ጥሩ ነው። በዱላ እየመታ እንጨት ለሚሰነጥቅ ሰው ግን ጠርዙ ይሸረፋል።

ሹል ጫፍ
ተስማማሁ፣ ግን ትንሽ ዳይመንድ መሳያ ዛሬ ክብሪት ያህል ነው ክብደቱ። ለእኔ አሁንም ምርጫ ውስጥ ይገባል።

ባለ ሰገባ
@መንገደኛው ሁሉም ስለ ብረቱ ነው የሚያወራው፤ እጀታና ሰገባ ግን ቢላውን ሰው የሚወድበት ወይም ጥሎት የሚሄድበት ምክንያት ናቸው።

እጀታ፦ አራቱም ጣት ተመችቶት የሚያርፍበት ከ10 እስከ 11.5 ሴ.ሜ ርዝመት ይኑረው። ስትጨብጠው የጣቶችህ ጫፍ መዳፍህን ለጥቂት የማይነኩት ውፍረት ጥሩ ነው። ጣቶችህ መዳፍህ ውስጥ ከገቡ እጀታው ቀጭን ነው፤ ከ20 ደቂቃ መላግ በኋላ እጅህ ይዝላል። ጠፍጣፋ፣ ማዕዘን ያለው እጀታ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ሥራ ላይ ግን ውሃ ያቋጥርብሃል። ከፊት ለፊት አመልካች ጣትን የሚያቆም ትንሽ ጉብታ ይኑረው። ይህ በተለይ እጅ በረጠበና በቅባት በተነካ ጊዜ ነው የሚፈለገው፤ ጫፉ ጠንካራ ነገር ላይ ሲቆም እጅህ ተንሸራቶ ስለቱ ላይ እንዳይወጣ።

የኪስ መጠን የሆኑት፣ ስለታቸው ከ6 ሴ.ሜ የማይበልጥ፣ ቀላልና ቆንጆ ናቸው። እጀታቸው ግን ለሦስት ጣት ብቻ ነው። አንተ ለዘረዘርከው ሥራ አልመክርም።

ሰገባ፦ ቢላውን አስገብተህ ገልብጠህ አራግፈው። ከወደቀ ተወው። ሲገባ «ጠቅ» የሚል የፕላስቲክ ሰገባ ርካሽ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፤ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ መኖሩን ግን እይ። ጉድለቱ አሸዋና ብናኝ ውስጡ ሲገባ ስለቱን ማደንዘዙ ነው፤ በየጊዜው በውሃ አለቅልቀህ በአፉ ደፍተህ አድርቀው። ቆዳ ሰገባ ድምፅ የለውም፣ ያምራል፤ እርጥበትና ማልፊያ ኬሚካል ስለሚይዝ ግን ካርቦን ስቲል ውስጡ ለወራት ከተቀመጠ ነቁጥ ነቁጥ ያለ ዝገት ያወጣል። ቤት ስትሆን ቢላውን አውጥተህ ለብቻው አስቀምጥ። ስስ ናይለን ሰገባ ደግሞ ውስጡ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሌለው ጫፉ ቀዶ ወጥቶ ጭንህን ያገኘዋል።

ፈላጩ
የብረቱ ጭራ ጥያቄ (እጀታው ውስጥ የሚገባው ማለት ነው) ሳይመለስ ቀረ።

ጭራው እስከ እጀታው ጫፍ ከደረሰና ስፋቱ የእጀታውን ያህል ከሆነ እጀታው ቢሰበር እንኳ በገመድ ጠቅልለህ ትሠራበታለህ። ጥንካሬው እውነት ነው። ግን በርካሹ ገበያ ከዚህ የበለጠ የሚጎዳህ ሌላ ነገር አለ፦ ጭራው ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን። እዚያ ቦታ በሹል 90 ዲግሪ ከተቆረጠ ውጥረቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማችና ከዚያ ይሰነጠቃል። ክብ ብሎ ከጎበጠ ቀጭን ጭራም ይችላል። ችግሩ እጀታው ሸፍኖት ስለማይታይ የሚታመን ሠሪ መምረጥ ነው።

የስዊድኑን ሞራ ኮምፓኒየን ተመልከት። ስለቱ 104 ሚሜ ገደማ፣ የስቴይንለሱ ውፍረት 2.5 ሚሜ፣ ጭራው እስከ ጫፍ አይደርስም፤ ግን በደንብ የተጠነከረ ነው፣ አሞራረዱም ስካንዲኔቪያ ነው። በዚህ ዋጋ ክልል ሌሎች የሚለኩበት ቢላ እሱ ነው። ከባድ ሥራ ይበዛብኛል ካልክ 3.2 ሚሜ የሆነው ሄቪ ዱቲ የሚባለው ወንድሙ አለ፤ ትንሽ ይጨምራል። እስከ እጀታው ጫፍ የሚደርስ ጭራ የግድ ካልክ ኮንዶር ቡሽሎር አለ፤ 1075 ካርቦን ስቲል ነው፤ አፉን ግን ከመሥራትህ በፊት ራስህ መሳል ሊኖርብህ ይችላል።

ባዶ እጀታ ያላቸው፣ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ የተለጠፈባቸው፣ ጀርባቸው መጋዝ የሆነ ቢላዎች? ኮምፓሱን ለብቻው ግዛ፣ መጋዙንም ለብቻው። እዚያ ቢላ ላይ ስለቱና እጀታው የሚገናኙት በአንድ ብሎን ወይም በኮላ ነው። የመጋዙ ጥርስ ደግሞ ስትሰነጥቅ የምትመታበትን ዱላ ይበላዋል እንጂ እንጨት አይቆርጥም።

መንገደኛው
በጣም አመሰግናለሁ። እንጨት መሰንጠቁን በ2.5 ሚሜ ቢላ እችላለሁ ማለት ነው? በምን ያህል እንጨት?

ፈላጩ
ትችላለህ፣ ልኩን ካወቅህ። ስለቱ 10 ሴ.ሜ ከሆነ የእንጨቱ ወርድ ከ6 ወይም 7 ሴ.ሜ አይለፍ፤ ከወዲያ በኩል ቢያንስ 3 ሴ.ሜ ስለት ወጥቶ መታየት አለበት፣ ዱላህ የሚመታው እሱን ነውና። ዱላው የእጅ አንጓ የሚያህል፣ ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ የሆነ እርጥብ እንጨት ይሁን። መዶሻ ወይም ድንጋይ አታስጠጋው።

መጀመሪያ እንጨቱን ዙሪያውን ተመልከት። ቅርንጫፍ የወጣበት አንጓ ካለ ጭረቱ እዚያ ጋ ጠምዞ ስለሚሄድ ቢላው ይጣበቃል፤ ሌላ እንጨት ፈልግ። እንጨቱን ጉቶ ላይ አቁመህ ስለቱን መሀሉ ላይ አሳርፈው፤ እጀታውን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገህ ያዝ፤ በቀላሉ መትተህ አስገባው፤ ከዚያ ወጥቶ የሚታየውን ጫፍ ምታ። እጀታው ወደ ታች ካዘነበለ እያንዳንዱ ምት ጭራውን እየፈነቀለ ይጫነዋል። ቢላ የሚሰበረው ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው።

ሲጣበቅ ደግሞ እጀታውን ወደ ጎን ጠምዝዘህ ለማላቀቅ አትሞክር። ከእንጨት ሽብልቅ ቀርጸህ ስንጥቁ ውስጥ አስገባና ምታ፤ ቢላው ራሱ ይለቅቃል። እንዲያውም ብልሁ መንገድ በቢላው ማስጀመርና ቀሪውን በሽብልቅ መጨረስ ነው።

እማ ጭስ
የእሳት ድንጋይ (ፌሮ ሮድ፣ ሲፋቅ ብልጭታ የሚያወጣ ዘንግ) የምትጠቀሙ ከሆነ የቢላውን ጀርባ እዩ። ብልጭታ የሚወጣው ጀርባው ጥርት ያለ 90 ዲግሪ ማዕዘን ካለው ነው፤ ብዙ ርካሽ ቢላ ጀርባው ለስላሳ ተደርጎ ይመጣል። በስለቱ መፋቅ ስለቱን ማበላሸት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ሳይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ማስተካከል ይቻላል። ስለቱን በካርቶንና በፕላስተር ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ቢላውን ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ሞርሳ ላይ ሁለት ጣውላ መሀል እሰሩት። ጠፍጣፋ ሞረድ ከጀርባው ጋር ትክክል 90 ዲግሪ አድርጋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ግፉ። ጠንካራው ብረት ሞረዱን ካንሸራተተው ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተለጠፈ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ሙሉውን ርዝመት አትሞርዱ። ከመሀል ወደ ጫፍ 4 ሴ.ሜ ይበቃል፤ እጀታው አጠገብ ያለው አውራ ጣት የሚያርፍበት ስለሆነ ለስላሳ ይሁን።

ፈተናው፦ የደረቀ እንጨት ላይ ስትፍቁት ዱቄት መሳይ ፍቅፋቂ ካወጣ ደርሷል። ብልጭታ ስትጭሩ ደግሞ ቢላውን ባለበት አጥብቃችሁ ያዙና ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ቢላውን ወደ ፊት ከገፋችሁ ማቀጣጠያውን ትበትኑታላችሁ። አዲስ ዘንግ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም መጀመሪያ መፋቅ አለበት፣ ብዙ ሰው «አይሠራም» የሚለው እሱን ሳይፍቅ ነው።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ቢላ በጣም ርካሽ አገኛለሁ። ይሻላል?

ጋሽ ሞረድ
ብረቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ባሌስትራ 5160 ዓይነት ነው፣ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ እንደ ልብ የሚቀጠቀጥ። ጥያቄው ከተቀጠቀጠ በኋላ በትክክል ተጠንክሯል ወይ ነው። ባሌስትራ በራሱ ጥንካሬው ከ42 እስከ 48 ሮክዌል አካባቢ ነው፤ ለሱስታ ልክ ነው፣ ለቢላ ግን ለስላሳ። ዝም ብሎ በግራይንደር ተቆርጦ ተሞርዶ ከሆነ ስለቱ እንጨት ላይ ይጠማዘዛል። እንደገና ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለአንድ ሁለት ሰዓት ለዝቦ ከሆነ ጥሩ ቢላ ነው። ዘይቱ ቀርቶ ውሃ ውስጥ ከተነከረ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

ሞረድ ይዘህ ሂድ። ስለቱ አጠገብ ቀስ አድርገህ አስኬደው፦ ብረቱን ነክሶ ፍቅፋቂ ካወጣ ለስላሳ ነው፣ እንደ መስታወት ካንሸራተተው ተጠንክሯል። ስለቱ ዳር ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካየህ በግራይንደር ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ሰማያዊው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚወጣው፣ እዚያ የደረሰው ክፍል ጥንካሬው ወርዷል። አገልግሎት የጨረሰ ባሌስትራ ደግሞ በዕድሜ ብዛት ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ በጥፍር መትተህ አድምጠው፣ ጥርት ብሎ ካልጮኸ ተጠራጠር።

መንገደኛው
ከገዛሁ በኋላ አሳሳሉን በአጭሩ ብትነግሩኝ፤ ሁልጊዜ ከሳልኩት በኋላ ነው የሚብሰው።

ዝገት ጠሉ
የሚብሰው ማዕዘኑን እጅህ ላይ ስለምታለዋውጠው ነው። የስካንዲኔቪያ አሞራረድ ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚሆነው፤ ተዳፋቱ ራሱ ማዕዘኑን ይነግርሃል።

ተዳፋቱን ሙሉ በማርከር ቀባ። 400 ቁጥር ድንጋይ አርጥበህ ቢላውን አስተኛና ተዳፋቱ ድንጋዩ ላይ «ጥፍ» ብሎ እስኪቀመጥ በጣም ቀስ ብለህ አንሳው፤ ሁለት ጣትህን ተዳፋቱ ላይ ጫን። ሦስት ጊዜ ሂድና ተመልከት። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከጠፋ ጀርባውን በጣም ዝቅ አድርገሃል፤ ስለቱ ዳር ብቻ ከጠፋ በጣም አንስተኸዋል። ከላይ እስከ ታች ከጠፋ ልክ ነህ። በአንድ ጎን ብቻ ቀጥል፤ ከጊዜ በኋላ በሌላኛው ጎን ጣትህን ከጀርባው ወደ ስለቱ ስታወርደው (በስለቱ ርዝመት አይደለም፣ ይቆርጥሃል!) የምትሻክር ስስ የብረት ጸጉር ታገኛለህ። ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እስክትገኝ ድረስ አትገልብጠው፤ ስለቱ አልደረሰምና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህቺ ጸጉር ሳትወጣ ወደ ለስላሳው ድንጋይ በመሄዱ ነው። ከዚያ ሌላውን ጎን፣ ከዚያ 1000 ቁጥር ላይ በቀላል ጫና፣ በመጨረሻ ቆዳ ላይ ስለቱ ወደ ኋላ እየተሳበ በየጎኑ 15 ጊዜ።

እንጨት ስትልግበት ስለቱ ከተጣጠፈ ወይም ከተሸረፈ ማዕዘኑ ለብረቱ ስሷል። ሲያልቅ 3 ወይም 5 ዲግሪ ብቻ አንስተህ በየጎኑ ሦስት አራት ጊዜ በጣም ቀስ ብለህ ሂድበት፤ በዓይን የማትታይ ሁለተኛ ተዳፋት ትፈጥራለህ፣ ጥንካሬዋ ይገርምሃል። ከፋብሪካ ሲመጣ የሚሸረፍ ስለትም አለ፤ ስሱ ጠርዝ ሲሞረድ ስለጋለ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትስለው ያቺ የተቃጠለች ክፍል ታልቅና ይስተካከላል፤ ለመመለስ አትቸኩል።

አዲስ ገቢ
ካርቦን ስቲሉን ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ማጥቆር ከዝገት ያድነዋል ይባላል። ይሠራል?

እማ ጭስ
ይቀንሰዋል፣ አያስቀረውም። ቢላውን በሳሙና ታጥበህ በአልኮል ጥረግ፤ የጣት ቅባት የቀረበት ቦታ ሳይጠቁር ይቀራል። ሞቅ ያለ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ አውጥተህ አረፋውን አጥበህ እይ፣ በቂ ካልሆነ ድገም። እጀታውን አትንከር። ሲጨርስ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠበው፤ አሲዱ ከቀረ በማግስቱ ቀይ ዝገት ታያለህ። ኮምጣጤው ስለቱን ስለሚበላው ከዚያ በኋላ እንደገና መሳል አለብህ። ምግብ የምትቆርጥበት ከሆነ የምትቀባው ዘይት ለምግብ የሚፈቀድ ሚኒራል ዘይት ይሁን፤ የሞተር ዘይት አይሆንም፤ የወጥ ቤት ዘይት ደግሞ ሲቆይ ይለጎማል፣ ሰገባው ውስጥም እንደ ሙጫ ይይዛል።

ባለ ሰገባ
አንድ የተረሳ ነገር፦ ከመግዛትህ በፊት የምትሄድበትን አገር ሕግ እይ። የማይታጠፍ ቢላ ቀበቶ ላይ አንጠልጥሎ በከተማ መሄድን ወይም ከተወሰነ ርዝመት በላይ መያዝን የሚከለክሉ አሉ። በአውሮፕላን ስትሄድ ደግሞ ከሰገባው ጋር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሻንጣውን የሚፈትሽ ሰው እጁ እንዳይቆረጥ ሰገባውን በፕላስተር አስረህ።